ጅባራ ላይ የታሰረ ጋቢ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፣ ለታላቅ ወንድሜ ባለቤት፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝሽ ትከሻ ተሻለው ወይስ እንደ ልማዱ ነው? በቅሎዋስ ደኅና ናት? ጎረቤቶችሽ፣ የንስሐ አባትሽ፣ የደባርቅ ጭጋግ ሳይቀር ሁሉም እንዴት ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከደኅናም አልፌያለሁ። ትናንት ከምንሠራው ፎቅ አናት ላይ ቆሜ ራስ ደጀንን ቁልጭ አድርጌ አየሁት። ገደሉን፣ ጫፉን፣ በረዶውን። እሺ፣ ራስ ደጀን አይደለም፤ እንጦጦ ነው። እንጦጦም ቢሆን ግማሹን ደመና ይዞት ነበር። ማየቴን ግን አይቻለሁ፤ ጃርሶ ምስክሬ ነው።

ጃርሶ አብሮኝ ሲሚንቶ የሚሸከም የአርሲ ሰው ነው። ራስ ደጀን ታየኝ ስለው፣ እንጦጦን ለማየት ይህን ሁሉ ደረጃ የሚወጣ ሰው አንተን አየሁ፣ ታክሲ ተራው ላይ ቆመህም ይታይሃል እኮ ብሎ ሳቀብኝ። አንተ የሜዳ ልጅ፣ ስለ ተራራ ምን ታውቃለህ አልሁት። ማንን ነው የሜዳ ልጅ የምትለው፣ እኔ የጭላሎ ተራራ ልጅ ነኝ ብሎ የያዘውን ከረጢት ጥሎ ሊጣላኝ ነበር። እንዲህ እየተባባልን ነው ቀኑ የሚመሽልን።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል ይደርስሻል። ጃኬት ነው። ተክለ ሃይማኖት ካሉት ሰልባጅ ነጋዴዎች መርጬ የገዛሁት፣ ውስጡ እንደ በግ ለምድ የሚሞቅ። ለትከሻሽ ብዬ ነው። ቀለሙ ቀይ ነው፤ ለእኔ ዕድሜ ቀይ ምን ያደርጋል ብለሽ እንዳትቆጪኝ።

ይህን ማን ጻፈለት ትይ ይሆናል። ማንም። እኔው ነኝ። ቀን ሲሚንቶ፣ ማታ ፊደል። መምህራችን ሩሃማ ትባላለች፤ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት፣ ቁጣዋ ግን የአማት ነው። ለታላቅ ሰው ሲጻፍ እርስዎ እየተባለ ነው ብላ አስተምራናለች። እኔ ግን እጅሽ ላይ ያደግሁ ሰው ዛሬ ተነሥቼ እርስዎ ብልሽ፣ ይህ የማላውቀው ሰው ነው ብለሽ ደብዳቤውን ትመልሽዋለሽ ብዬ አንቺ አልሁሽ። ለሩሃማ እንዳትነግሪብኝ።

ማንበብ የቻልሁ ሰሞን አብሮኝ መንገድ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነበር። ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነብባለኋ! የታክሲውን መስታወት፣ የፋርማሲውን በር። ልደታ ፍርድ ቤት ስላለ በየደጁ የጠበቃ ስም ተለጥፏል፤ እሱን አንድ በአንድ ስጠራ ሰዎቹ ከቢሮ ብቅ እያሉ ማነው የጠራኝ ይላሉ። ጃርሶ፣ እባክህ ተወው፣ አንተ ሳታነብበውም እዚያው ነው የሚውለው ይለኝ ነበር።

ለሌላ ሰው ያነበብሁት የመጀመሪያው ወረቀት ግን አላሳቀኝም። ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ እማማ ወለተሰንበት የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። አንድ ቀን ወረቀት ይዘው መጡና፣ አንተ ተማርሁ እያልህ ሰፈሩን ታደነቁር የለ፣ በል አንብብልኝ አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ተቀበልሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርሁ። ሰፈሩ ለግንባታ ስለሚፈለግ ቤቱ ይፈርሳል፣ ዕቃችሁን አውጡ ይላል። ገና መሐሉ ላይ ሳልደርስ ነገሩ ገብቶኛል፤ ግን አዲስ አንባቢ ቁልቁለት እንደያዘ መንገደኛ ነው፣ ከተነሣ መቆም አይችልም። ስጨርስ እማማ ወረቀቱን አላዩትም። እኔን ነው ያዩኝ። ልጅ የወለዱበትን፣ ባል የሸኙበትን ቤት እኔ ያፈረስሁት ይመስል። ከዚያ በኋላ ሰላም ስላቸው ይመልሱልኛል፤ ፊታቸው ግን ተመልሶ አልመጣም። ወደ ከተማው ዳር ሄደው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ሲሚንቶ የምሸከምለት ፎቅ የቆመው ያ ሰፈር የነበረበት ላይ ነው።

ይህን ያዥልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ደግሞ ሩሃማ ስለ አገራችን ተራሮች ከመጽሐፍ አነበበችልን። ራስ ደጀን ሲባል ዘመዴ የተጠራ መስሎኝ ብድግ አልሁ። ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በፊት ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እንደወጡት፣ ወጣነው ብለው በመጻፍም የመጀመሪያዎቹ እነሱ እንደሆኑ መጽሐፉ ይናገራል። እጄን አወጣሁና ጓዛቸውን ማን ተሸከመላቸው አልኋት። መጽሐፉ አይልም አለችኝ። እንግዲያው አንደኛ የወጣው የእኛ አገር ሰው ነው፣ መንገድ የሚያውቀው ከፊት ነው የሚሄደው አልሁ። እዚያው ከኋላ የተቀመጠው ጃርሶ፣ አንተ ነበርህ እንዴ የተሸከምህላቸው፣ ዕድሜህስ ይመስላል ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ሩሃማ ግን አልሳቀችም። እነሱን ያወቅናቸው ስለ ወጡ ሳይሆን ስለ ጻፉ ነው፣ አንተም የምታውቀው ካለ ጻፈው አለችኝ።  

እትዬ፣ እስካሁን በቀልድ የማዞርሽ ወደ ነገሩ መግባት ፈርቼ ነው።

በጎረቤት ስልክ ደውለሽ የነገርሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጅሽ ፀዳለ የአስጎብኚነት ስልጠናዋን ጨርሳ፣ ከጥምቀት በኋላ እንግዳ ይዛ ራስ ደጀን ልትወጣ ነው። አባቷን የበላ ተራራ እሷንም ሊበላብኝ ነው አልሽኝ። እኔ ስናገር አትሰማኝም፣ አባቷ ሲሞት አጠገቡ የነበርህ አንተ ነህ፣ በመጨረሻ ያለውን ጽፈህ ላክልኝ፣ እኔ ማንበብ ስለማልችል እሷው ታነብልኛለች፣ ከእኔ አፍ ያልሰማችውን ከገዛ አፏ ትስማው አልሽ። ከዚያ ስልኩን እሷ ተቀበለችሽ። አጎቴ፣ እንዳታስፈራራኝ፣ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ ስለ ተራራው የነገርኸኝ አንተ ነህ አለችኝ። ቀጥላም አባዬ የቆመው ከተራራው ሁለት ጫፎች በየትኛው ላይ ነው፣ እዚያ ላይ ድንጋይ ላስቀምጥለት ነው አለች። ባትሪዬ አለቀ ብዬ ዘጋሁባት። ባትሪው ሙሉ ነበር።

ለአንቺ ለቅሶ ላይ የተነገረሽ ብርድ ገደለው ተብሎ ብቻ ነው። ለእሷ ደግሞ ትንሽ ልጅ ሆና፣ አባትሽ በአንድ ቀን ሁለቱንም ጫፍ የረገጠ ነው፣ እንደ እሱ ያለ አልተፈጠረም እያልሁ አሳድጌያታለሁ። እግሯን ያነሣሣው የእኔ ወሬ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን እጽፋለሁ። ፀዳለ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። ለእናትሽ ቀስ ብለሽ፣ አንድ መስመር ሳትዘዪ አንብቢላት።

ጊዜው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። እንግዳ በማይመጣበት ወር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብስኩቱን ከእኛ እኩል ይካፈል ነበር። በዓይኑ እያየ የተራራ ከፍታ የሚለካበት መሣሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ወንድሜ አዛናው መንገድ ይመራል፣ እኔ ጓዝ እሸከማለሁ። በቅሎዎቹን እታች መንደር ትተን ሦስታችን ወጣን። አዛናው እንደምታውቂው ነው፣ ሽቅብ ሲወጣ ያፏጫል። ፈረንጁ ትንፋሹ እያጠረው፣ ይህ ሰው ሳንባው ስንት ነው አለኝ። ሦስት ነው፣ አንዱን ከበቅሎዋ ተበድሮ ነው አልሁት።

ከታች ሆነሽ ስታዪው ተራራው አንድ ይመስልሻል። ላይ ሲደርሱ ግን አናቱ አንድ አይደለም። አንደኛው ጫፍ ላይ ቆመሽ ማዶውን ስታዪ፣ ማዶው የሚበልጥ ይመስላል። ማዶው ላይ ሄደሽ ስትቆሚ ደግሞ ትተሽው የመጣሽው ይበልጥብሻል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይን እንዲህ ይሠራል።

ፈረንጁ ጫፉ ላይ ደርሶ ከእኛ በፊት የወጡ ሰዎች የከመሩት ድንጋይ ላይ የራሱን ጨምሮ ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ ማዶውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ያኛው ይበልጣል፣ የወጣነው ትንሹን ነው አለ። አዛናው፣ አባቶቻችን የሚያውቁት ጫፍ ይህ ነው፣ ዓይንህ ነው የሚያታልልህ አለው። ሰውዬው አላመነም። በመሣሪያዬ አይቼ እንዳረጋግጥ ማዶው ላይ ምልክት ቢቆምልኝ፣ ነጭ ነገር ቢሆንልኝ አለ። ነጩ ነገር አዛናው ትከሻ ላይ ነበር። ፀዳለ ስትወለድ ፈትለሽ ያሠራሽለት ጋቢ።

አዛናውን እኔ ልሂድ አልሁት። አንተ እዚያ ደርሰህ ስትመለስ ሦስተኛ ጫፍ አገኘሁ ትለናለህ፣ ቁጭ በል አለኝ። መንገድ ላይ ከሰው ቁመት የሚረዝመውን የደጋ ተክል፣ የደረቀ የጅባራ ግንድ ነቅሎ እንደ ዘንግ ትከሻው ላይ ጣለ። እያፏጨ ሄደ። በጣም ቆይቶ ማዶው ላይ እንደ ጣት አንሶ ታየን። ጅባራውን በድንጋይ መሐል አቆመው፣ ጋቢውን አሰረበት፣ እጁን አወዛወዘልን። ፈረንጁ በመሣሪያው አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ወንድምህ ልክ ነው፣ የሚበልጠው ይህ የቆምንበት ነው አለኝ።

ስለዚህ ፀዳለ፣ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይሄ ነው። አባትሽ የቀረው ያነሰው ጫፍ ላይ ነው።

ና ልንለው ስንል ጭጋጉ መጣ። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እንደ ውኃ ሞላ። ማዶው ጠፋ፣ ጋቢው ጠፋ። ከዚያ በረዶ ወረደ፤ መጀመሪያ እንደ ሽንብራ፣ በኋላ ዓይን የሚያስጨፍን። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠግተን ተጣራሁ። አንድ ጊዜ የመለሰልኝ መሰለኝ፤ ነፋስም ሊሆን ይችላል። ልሄድ ስነሣ ፈረንጁ በሁለት እጁ ያዘኝ፣ አሁን ከሄድህ ሁለት ሆናችሁ ትጠፋላችሁ ብሎ ለመነኝ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ እስከ ዛሬ አልጠቀመኝም። ሲጨልም ዝቅ ብለን የእረኞች ዋሻ ገባን። ስለዚያ ሌሊት አልጽፍም። ሩሃማ ገና ለእሱ የሚሆን ቃል አላስተማረችኝም።

ጎሕ ሲቀድ ፈረንጁን ከኋላ አስከትዬ ሮጥሁ። ተራራው ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ በነጭ ላይ ነጭ ጋቢ መፈለግ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ጥጥ ፈታይ ነሽ። ያገኘሁት ጅባራውን ነው። ጋቢው እንደታሰረ ነው፣ በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቆሟል። አዛናው ከሥሩ፣ በድንጋይ ጥግ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሸሚዙን ብቻ ለብሶ። ለምን አልለበስኸውም ብዬ ጮኽሁበት። ካወረድሁት በምን ታገኙኛላችሁ አለኝ።

በሕይወት ነበር። መንቀጥቀጡን ግን አቁሟል። ጣቶቹ የሰው ጣት አይመስሉም።

የእኔን ጋቢ አልብሼ በገመድ ጀርባዬ ላይ አዘልሁት። በዕድሜዬ ያልተሸከምሁት የለም፤ እህል፣ ድንኳን፣ የታመመ ፈረንጅ፣ አሁን ደግሞ ሲሚንቶ። እንደ እሱ የቀለለኝ ሸክም የለም፤ እንዴት እንዲህ ይቀላል እያልሁ ነው የወረድሁት። እንዳይተኛብኝ ማውራት ነበረብኝ። እኔ ደግሞ የማውቀው መዋሸት ነው፤ ዋሸሁለት። አንዲት ጭላዳ ጠጉሯን ሹሩባ ተሠርታ አየሁ፣ ማን ሠራሽ ብላት የአዛናው ሚስት ናት አለችኝ አልሁት። በቅሎአችን ከፈረንጁ እንግሊዝኛ ለምዳ፣ ጭነት ሳመጣ ኖ ትለኛለች አልሁት። ሲስቅ ደረቱ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ሳቁ ሲቀንስ ሌላ እጨምራለሁ። እግሬ ሁለት ጊዜ ከዳኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በግንባሬ ወደቅሁ፣ እሱ እንዳይነካ ብዬ።

ጓሳው ሣር ጋ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። በርታ፣ ጭስ ይታየኛል፣ ደርሰናል አልሁት። ያን ጊዜ ነው ቃሉን የነገረኝ። ልጄን ከዚህ ተራራ አርቅልኝ፣ እግሯ እንዳይረግጠው፣ ለእናቷም አደራ በልልኝ አለኝ። ከዚያ ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከበደ። እኔ ግን ወሬዬን አላቆምሁም። በቅሎዋ ስትጸልይ፣ በቅሎዋ ስትዳኝ፣ በቅሎዋ ስትሾም እያወራሁለት ነው መንደር የገባሁት። ሴቶቹ ወጥተው አይተውት ሲጮኹ ነው ዝም ያልሁ።

ይኸው እትዬ፣ የጠየቅሽኝ ይኸው ነው። ትከሻሽን ይማርልሽ። ቤትሽን ጤና አይለየው። የወለድሽው ይቅበርሽ፣ አንቺ የወለድሽውን አትቅበሪ። ልደታ ማርያም ደጇ ላይ ያደረስሁላችሁን ጸሎት ትስማኝ።

ስሜን ልጽፍ ነበር። ሩሃማ ግን የጻፋችሁትን ጮክ ብላችሁ ሳታነቡ አትላኩ ትላለችና ጃርሶን አስቀምጬ ከመጀመሪያው አነበብሁለት። በጠበቆቹ ሳቀ። ጋቢው ጋ ስደርስ ፊቱን አዞረ። ልጄን አርቅልኝ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ቀና ብሎ፣ እንጦጦን ራስ ደጀን ነው ስለው ባየኝ ዓይን አየኝ። እኔም ድምፄን ሰማሁት፤ እማማ ወለተሰንበት ፊት ያን ወረቀት ያነበብሁበት ድምፅ ነው። ያኔ ቢያንስ ያነበብሁት እውነት ነበር። ይህን ደግሞ ፀዳለ በገዛ አፏ ልታነበው ነው። የአባቷን ድምፅ አታውቀውም፤ ከእሱ የሚቀራት ይህ ብቻ ሊሆን ነው።

ቀድጄ ሌላ ልጽፍ አሰብሁ። ወረቀቱ ሳይሆን እጄ እምቢ አለኝ። እንዳለ ይሂድ።

እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ጋቢው፣ ጅባራው፣ ዋሻው፣ በቅሎዋ፣ የሴቶቹ ጩኸት፣ ሁሉም የሆነ ነው። ያን አንዱን አደራ ግን እኔ ነኝ የጨመርሁት። አንቺ ዋሽልኝ አላልሽኝም፤ ስልኩ ላይ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ የምትፈልጊው መስሎኝ ነው። ፀዳለ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፣ እናትሽ ትስማ።

ልትከለክያትም ልትመርቂያትም የምትችዪ አንቺ ነሽ። እኔ ከሙት አፍ ፈቃድም ክልከላም አላመጣልሽም። ጃኬቱን ግን ለክተሽ እዪው። ትከሻው ላይ ሳይጠብሽ አይቀርም፤ ነጋዴዋ ለማን ነው ስትለኝ የላክሽልኝን የፀዳለን ፎቶ ነው ያሳየኋት። ቀይ ለምን እንደሆነ ልጅቷ ይገባታል። ነጭ ነገር ስጪኝ የሚል እንግዳ ከመጣም፣ ሌላ ቦታ ይፈልግ በያት።

አዛናው ያለውን ደግሞ እንዳለው ልጻፈው። ስለ ፀዳለ ምንም አላለም። ስለ አንቺም፣ ስለ ተራራውም አላለም። በቅሎዋ ኖ ትለኛለች ስለው ነው፤ ጆሮዬ ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ ውሸትህን ነው፣ ጨምር አለኝ።

እኔም ጨመርሁ።

አዝሎት የወረደው፣
እጅሽ ላይ ያደገው የባልሽ ታናሽ ወንድም